ፍሬውን ብቻ ጫንልኝ

ልጄን የስኳር በሽታ ይዟታል ያሉኝ ቀን ሐኪሙን «ተሳስታችሁ ነው» አልኩት። አፌ አያርፍም፤ ስፈራ ደግሞ ይብስብኛል። ስኳር የሽማግሌ በሽታ ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ፤ ያውም የደላው ሽማግሌ። ከረሜላ ለበዓል ብቻ የምታገኝ የስምንት ዓመት ልጅ እንዴት ብላ? ሐኪሙ ግን አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ወር ሙሉ ውሃ በውሃ ላይ ስትጠጣ፣ ፍራሽ ስታረጥብ፣ አንገቷ ሲቀጥን እያየሁ «በስምንት ዓመትሽ አታፍሪም?» እያልኩ ሳሸማቅቃት ነው የከረምኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አስተማሪ ነኝ። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ ተማሪ «ገባኝ» ሲለኝ ገብቶት ይሁን ከጥያቄ ለመሸሽ ይሁን ከዓይኑ አውቃለሁ። ከሆስፒታል ልንወጣ ስንል ነርሷ ኮሪደር ላይ ሰው እየገፋን በቆምንበት መርፌ አወጋግ አስተማረችኝ። «ይህ የጠራው ነው፣ ይህ ደመናማው ነው። ደመናማውን በመዳፍሽ መሃል አንከባልይው እንጂ እንዳትንጪው። ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በፊት፣ አንድ ቀን ሳታቋርጪ። ገባሽ?» አለችኝ። «ገባኝ» አልኩ። ምኑም አልገባኝም ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ቤቴ ስደርስ የትኛውን ጠርሙስ አስቀድሜ እንደምቀዳ እንኳ ጠፍቶብኛል።

ባለቤቴ ቆላ ወርዶ መንገድ ሥራ ላይ ነበር፤ በሁለት ወር አንዴ ቢመጣ ነው። የመጀመሪያዋን መርፌ ብቻዬን ወጋኋት። ልጄ ሆዷን ገልጣ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች፣ እኔ መርፌውን ይዤ የት እንደምወጋ እፈልጋለሁ። «ጨረስሽ?» አለችኝ። ገና አልጀመርኩም። በልጄ ሕይወትና በሞቷ መሃል ያለሁት እኔ ብቻ መሆኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም፤ አብሮኝ ይነሳል፣ አብሮኝ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ አብሮኝ ይመለሳል።

ቪዲዮ ማየት የጀመርኩት በዚያ ፍርሃት ነው። ስማርት ስልክ በከተማችን ከሰው እጅ መግባት የጀመረበት ጊዜ ነበር። ጎረቤቴ «ምን ያስጨንቅሻል፣ ኢንተርኔት ላይ የሌለ ነገር የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የሌለ ነገር የለም። ጉዱም እሱው ነው። «የሕፃናት ስኳር» ብዬ ጽፌ ስጫነው የመጣልኝን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ እኔ ያን ጊዜ አልሳቅኩም። አንዱ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ የልብ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ከጀርባው የፕላስቲክ አበባ ደርድሮ ስኳርን በሦስት ሳምንት ከሥሩ እነቅላለሁ ይላል። አንዷ ግራዋና አብሽ አንድ ላይ እየወቀጠች መርፌው ሱስ ነው፣ ልጆቻችሁን አታስለምዱ፣ አውጥታችሁ ድፉት ትላለች። ሌላው ሰው እንኳ አይደለም፣ የተቀዳ ድምፅ ጽሑፍ ያነባል፤ ሙዚቃው ከድምፁ በልጦ ይጮኻል። የፈረንጆቹ ንጹሕ ናቸው፣ ግን ሲናገሩ አይደረስባቸውም፤ ደግሞ የሚያሳዩት መሣሪያ እኛ ዘንድ የለም። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ያማርጧል! ከቪዲዮዎቹ ሥር ግን ሰዉ «እግዚአብሔር ይስጥልን»፣ «ዕድሜ ይስጥልን» እያለ ይመርቃቸዋል። እናቶች ናቸው የሚመርቁት፤ እንደኔው የፈሩ።

ግራዋ የምትወቅጠዋን ሴትዮ ቪዲዮ ጎረቤቴ ስልኬ ላይ ላከችልኝ። ተጣላን። «ልጄን ልትገድዪብኝ ነው?» አልኳት፣ ሰው እየሰማ። ለበጎ ብላ ነው፤ እኔ ግን ያን ሰሞን በጎና ክፉ የምለይበት ልብ አልነበረኝም። ቪዲዮውን ግን ሳላጠፋው ቀረሁ። ለምን እንዳላጠፋሁት አውቃለሁ፤ ምናልባት እውነት ቢሆንስ የምትል አንዲት ነገር ውስጤ ነበረች።

ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ ሰው አገኘሁ። በዕድሜ የገፉ ሐኪም ናቸው፤ አበባ የላቸውም፣ ሙዚቃ የላቸውም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው እንደ ንስሐ አባት ይናገራሉ። «ኢንሱሊን ሱስ አይደለም፤ ውሃ ሱስ ካልሆነ እሱም አይደለም። ልጁ ሰውነቱ ማምረት ያቃተውን ነው የምትሰጡት። ጥፋታችሁ አይደለም፣ እናቶች» አሉ። ይህን ስሰማ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ጥፋትሽ አይደለም ያለኝ ሰው አልነበረማ! ሐኪሙን አመንኳቸው፤ ከባለቤቴ ይልቅ፣ ከእናቴ ይልቅ አመንኳቸው።

ችግሩ ወሬያቸው ረጅም ነው፣ ኔትወርካችን አጭር። ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ሐኪሙ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ገበያው ዳር ሞባይል የሚጠግንና ዘፈንና ድራማ ሚሞሪ ላይ የሚጭን አንድ ሙስሊም ጎልማሳ አለ፤ ደግ ሰው ነው፣ እናቱም ስኳር አለባቸው። እሱ ዘንድ ሄጄ የሐኪሙን ቪዲዮ ጫንልኝ አልኩት። አወረደው፣ ግን ሚሞሪዬ በልጄ የልደትና የትምህርት ቤት ፎቶ ሞልቷል።

«እህቴ፣ ሙሉው አይገባም። ወይ ፎቶ እናጥፋ» አለኝ።

«ፎቶዋማ አይጠፋም። ወሬውን ቆርጠህ ፍሬውን ብቻ ጫንልኝ» አልኩት።

«የቱ ፍሬ የቱ ወሬ እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? ቁጭ ብለሽ እይውና ንገሪኝ።»

ቁጭ የምልበት ጊዜ የለኝም። የማርመው የፈተና ወረቀት ተከምሯል፣ ልጄ የምትወጋበት ሰዓት እየደረሰ ነው። «መግቢያውን ተወው፤ መሰናበት ሲጀምሩም ቁረጠው» አልኩትና ቆሜ ጠበቅኩ። ቆረጠው። «እንግዲህ ውድ ተመልካቾቻችን» ሲሉ ላይ ነው የሚያልቀው።

ሙሉውን ያየሁት ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። «እንግዲህ ውድ ተመልካቾቻችን» ካሉ በኋላ ሐኪሙ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «ሳልረሳው» ብለው ይቀጥላሉ። ኢንሱሊንን ሙቀት ብቻ ሳይሆን ቅዝቃዜም እንደሚገድለው፣ አንዴ በረዶ ከሆነ ቀልጦም ቢታይ ሥራው እንዳለቀ፣ መጣል እንጂ መውጋት እንደማይገባ ይናገራሉ። «በተለይ ውርጭ አገር ያላችሁ» ይላሉ። እኔን እኮ ነው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን የምለቅምበት ጊዜ አላገኘሁም።

ስልኬ ላይ የቀረው «ሙቀት የኢንሱሊን ጠላት ነው፤ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት» የሚለው ነው። እንደ ዳዊት ደገምኩት። እርጥብ አሸዋ የሞላሁበት ማሰሮ አልጋ ሥር አስቀምጬ ጠርሙሶቹን ጨርቅ ጠቅልዬ እሱ ውስጥ አደርጋለሁ፤ አሸዋው እንዳይደርቅ ውሃ አርከፈክፋለሁ። አንድ ዓመት በዚህ ኖርን። ልጄ ወዛች፣ ትምህርቷን ቀጠለች፣ እኔም ትንሽ ኮራሁ።

ኩራቴን የሰበረችው አንዲት ነርስ ናት። አንድ የቀጠሮ ቀን የልጄን የመርፌ መዝገብ ቤት ረሳሁት። «እናንተ መውለድ እንጂ ማሳደግ የት ታውቃላችሁ!» ብላ ተሰልፎ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት ጮኸችብኝ። መቼም ይህን የሚያህል ምላስ ተሸክሜ መልስ አጣሁ ብል ማን ያምነኛል? መንገድ ላይ ግን እንባዬ ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር። ልጄ ቀሚሴን ይዛ እየሄደች ቀና ብላ አየችኝና «እማዬ፣ አታልቅሺ። ሁለተኛ አልታመምም» አለችኝ።

በተከታዩ ዓመት ኅዳር ሲገባ የአባቴ ሙት ዓመት ደረሰ። ጾሙ ሳይገባ ይውጣለት ተብሎ ተቀጠረ። እናቴ የምትኖረው ከሮብ ገበያ ከተማ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ካለ መንደር ነው፤ ገብስና ድንች እንጂ ጤፍ የማይደፍረው ደጋ። የአባት ተዝካር አይቀርም፤ ልጄንም ለማን ትቻት እሄዳለሁ? ሐሙስ ከሰዓት ደረስን። ጠርሙሶቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አስሬ ነው የሄድኩት። ያን ዕለት ማታ ስወጋት ደህና ነበር።

ችግር የሆነብኝ ቤቱ ነው። ለድግሱ ሦስት ጉልቻ ተጎልቷል፤ እሳቱ አይጠፋም፣ ሴቱ ይርመሰመሳል፣ ቤቱ እንደ ምጣድ ግሏል። ጠርሙሶቹን ይዤ ከጥግ ጥግ ዞርኩ። እናቴ «አምጪው ከሳጥኔ ላድርግልሽ» አለችኝ።

«እማ፣ ይሄ መድኃኒት ሙቀት አይወድም።»

ትንሽ ቅል ፈልጌ ሁለቱንም ጠርሙስ ከተትኩና አፉን በጨርቅ ወትፌ፣ ውጭ ከጎተራው ክዳን ሥር አንጠለጠልኩት። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል እኮ። እንስራው እንኳ ከደጅ ካደረ አፉ ይጋገራል» አለችኝ።

«እንደሱ ነው የሚፈለገው! እኔ ተምሬዋለሁ፤ ሐኪሙ ነግረውኛል» አልኳት። እናቴ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ያን ውርጭ የምታውቅ ሴት ናት። እኔ ስልክ ነበረኝ። «እንዳልሽ» ብላ ገባች።

ዓርብ ጠዋት ስወጣ ሣሩ ነጭ ሆኗል። ቅሉን አውርጄ ጠርሙሶቹን ሳወጣቸው ሁለቱም ድንጋይ ሆነዋል። እንግዲህ ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ደስ አለኝ። ቀዝቃዛ ማለት እንዲህ ነው አልኩ በልቤ። ብብቴ ሥር ይዤ አቀለጥኳቸው። ደመናማውን በመዳፌ ሳንከባልለው ልጄ ፊቷን አስጠግታ ታየው ነበር።

«እማዬ፣ ዛሬ ፍርፋሪ አለው» አለችኝ።

አየሁት። ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንደ ተቋጠረ ወተት ነጭ ነገር ተለጥፏል። ልቤን ትንሽ ነካ አደረገኝ፤ አልዋሽም፣ ነካ አደረገኝ። ግን ድግስ ነው፣ ሴቶቹ ይጠሩኛል፣ ደግሞ ሐኪሙ ስለ ፍርፋሪ አንድም ነገር አላሉም።

«ብርድ ስለሆነ ነው። ይሟሟል» አልኳት።

«ሁልጊዜ ግን እንደዚህ አይደለም።»

«እመቤት ሐኪም! ከኔ ታውቂያለሽ? ሆድሽን ግለጪ።»

ገለጠችልኝ። ዓርብ ጠዋት፣ ዓርብ ማታ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ጊዜ ወጋኋት። ቅሉም ሁለተኛ ሌሊት እዚያው ከጎተራው ላይ አደረ። ሦስቱንም ጊዜ የሞተ መድኃኒት ነበር የሰጠኋት።

ቅዳሜ ተዝካሩ ነው። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እኔ ላይ ታች እያልኩ አስተናግዳለሁ። አንዷ ዘመዳችን ጠላ ስትቀዳ ቆይታ እየሳቀች «ያቺ ልጅሽ እኮ እንስራውን ልትጨርሰው ነው፣ ውሃ በውሃ ሆነች» አለችኝ። የያዝኩት ሳህን ከእጄ ወደቀ። ሌላው ሰው ውሃ ሲባል ውሃ ነው የሚሰማው። እኔ የሰማሁትን የሚያውቅ እንደኔ ያለች እናት ብቻ ናት።

ልጄን ከጓዳ መደብ ላይ ተጠቅልላ አገኘኋት። ከንፈሯ ደርቋል፣ ትንቀጠቀጣለች። «ሆዴን» አለችኝና አስመለሳት። የደም ስኳር መለኪያዋ ነበረችኝ፤ ደሙ የሚነካባት ወረቀት ግን ካለቀ ከርሞ፣ ከከተማ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ስልኬን አወጣሁ። ልጄ እግሬ ሥር እያስመለሳት ቪዲዮ ከፈትኩ። እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም፤ አንድ እጄ ግንባሯ ላይ፣ አንድ እጄ ስልክ ላይ። ሐኪሙ በዚያ ቀስታቸው ይናገራሉ። አንዲት ልጅ ተንቀጥቅጣ ላብ ካጠመቃት ስኳሯ ወርዶ ነው፣ ቶሎ ጣፋጭ ስጧት ይላሉ። ልጄ ትንቀጠቀጣለች። ላብ ግን የላትም። ወርዶ ነው? ወጥቶ ነው? ብርዱ ነው? ወረደ ብዬ ውሃ ብሰጣት ትሞታለች፣ ወጣ ብዬ ጣፋጭ ብከለክላት ትሞታለች፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው፣ ቅደም ተከተሉ እንኳ ተምታቶብኝ ነበር። ማር አመጣሁ። ሁለት ማንኪያ አጎረስኳት፣ መልሳ አወጣችው። ያ ማር ምን እንዳደረጋት እስከ ዛሬ ሐኪም ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን እፈራዋለሁ።

የሐኪሙ ቪዲዮ አለቀና ስልኩ በራሱ ወደ ቀጣዩ አለፈ። ግራዋ ወቃጯ ናት። «ቢያስመልሳቸው አትደንግጡ፣ መርዙ እየወጣ ነው» አለች ፈገግ ብላ። እመ ብርሃን ምስክሬ ናት፣ ለአንዲት ቅጽበት ላምናት ፈለግኩ። ምነው እውነት በሆነ አልኩ። ከዚያ ልጄ ተነፈሰች፤ ትንፋሿ ተራራ የሮጠ ሰው ትንፋሽ ነው፣ ተኝታ! አፏ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። መጀመሪያ ሆስፒታል የገባች ቀን የነበረው ሽታ ነው። ስልኩን ወረወርኩት።

ጩኸቴን ሰምቶ ሰው ተሰበሰበ። እናቴ «ዓይን ነው፣ ሰው በበዛበት አምጥታ አስበላቻት! ጠበል ውሰዷት» እያለች ደረቷን ትመታለች። ሌሎቹም ጠበል አሉ። ያን ጊዜ የአባቴ የንስሐ አባት የነበሩት ሽማግሌ ቄስ ከዳሱ መጡ። ጎንበስ ብለው አዩዋት፣ በመስቀላቸው ዳሰሷትና ቀና አሉ።

«አባ፣ ይጸልዩላት» አለቻቸው እናቴ።

«እጸልያለሁ። ጠበሉ የትም አይሄድም፣ እዚሁ ነው። መኪናው ግን ያመልጣል። እናንተ፣ ተነሱ!» አሉ።

ሰዉ የጎረሰውን ሳይውጥ ተነሳ። በሁለት አጣናና በጋቢ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሟት። ያን የአንድ ሰዓት መንገድ ወንዶቹ እየተቀባበሉ ይሮጣሉ፣ እኔ ከጎኗ እሮጣለሁ። ኮረብታው ላይ አፌ ደም ደም አለኝ። «እማዬ፣ ውሃ» ትለኛለች። ልስጣት? አልስጣት? ማንን ልጠይቅ? በኮዳ ይዤ ከንፈሯን ባርሰው መልሳ ዓይኗን ትከድናለች። ስሟን እየጠራሁ «ክፈቺ፣ ልጄ፣ ዓይንሽን ክፈቺ» እላለሁ። መክፈት ስትተው የሆነ ነገር ከእግሬ ሥር የተነቀለ መሰለኝ። የተሸከሟት ሰዎች አይተዋት ሩጫቸውን አበረቱ። ሮብ ገበያ ላይ ደብረ ማርቆስ የሚወርድ ሚኒባስ ሊወጣ ሲል ደረስን። ሰዎቹ ከፊቱ ቆመው አስቆሙት፣ ተሳፋሪው ወርዶ ቦታ ለቀቀልን።

ሆስፒታሉ ውስጥ የደም መለኪያው ቁጥር ማሳየት አቃተው፤ ከሚችለው በላይ ሆነ። ግሉኮስ ይመስለኝ የነበረውን ላስቲክ ሰቀሉላት፣ ጨዋማ ውሃ ነው አሉኝ፤ አዲስ ኢንሱሊን በየሰዓቱ ይሰጧት ጀመር። እኔ አልጋዋ ሥር ተቀምጬ ጣቶቿን እቆጥራለሁ። ለምን ጣት እንደምቆጥር አላውቅም። ለማርያም ተሳልኩ፣ ስለት ላይ ስለት። ባለቤቴ ስልክ ሲደውል ሳልመልስ ዘጋሁበት። ሰኞ ጠዋት ልጄ ዓይኗን ገልጣ ደህና አድርጋ አየችኝና «ራበኝ» አለች። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ቃል በሕይወቴ አልሰማሁም።

ከሰዓት የክፍሉ ሐኪም መጣ፤ ወጣት ነው፣ ፊቱ ደክሟል፣ ከኋላው ያቺው የጮኸችብኝ ነርስ ቆማለች። መዝገቡን ገልጦ «እናት፣ መርፌ ቀርቶባት ነበር?» አለኝ።

«አንድም ቀን።»

«በትክክል እየወሰደች እዚህ ከደረሰች አንሷታል ማለት ነው። ከነገ ጀምሮ መጠኑን ከፍ እናደርግላታለን» አለና መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀኝ። «የት ነበር የምታስቀምጡት? አሁን ብርድ ነው። ከደጋ የሚመጡልን አሉ፤ ውጭ አድሮ በረዶ የሆነን መድኃኒት ሳያውቁ ይወጋሉ። በረዶ የሆነው አይሠራም። እንደሱ ያለ ነገር አልነበረም?»

ብብቴ ሥር ያቀለጥኳቸው ጠርሙሶች፣ ፍርፋሪው፣ የእናቴ «ውርጭ ይወርዳል እኮ» ማለት፣ ሁሉም በአንዴ መጣ። እኔ ነኝ። ዓይን አይደለም፣ ማሩ አይደለም፣ ዕጣ ፈንታም አይደለም፤ እኔ በእጄ ነኝ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቀኛል፣ ነርሷ ታየኛለች። የሚሠራ መድኃኒት በጨመረ መጠን ቢሰጣት ደግሞ ስኳሯ ወርዶ በተኛችበት እንደምትቀር አውቃለሁ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ አፌ ግን አልከፈት አለ።

ያን ጊዜ ከአልጋው ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጄ። «እኔ ነኝ ውጭ ያስቀመጥኩት። እናቴ አላየችም።»

ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ግን እሱን አላየችም፤ ነርሷን ነበር የምታየው። ላስቲክ የተሰካባት ክንዷ ፍራሹ ላይ ተዘርግቷል፣ አገጯ ይንቀጠቀጣል። ስለ በሽታዋ አይደለም የፈራችው፤ ስለ እኔ ነው። አሥር ዓመት ባልሞላ ልቧ ከሞት ተመልሳ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር እናቷን ከቁጣ መሸሸግ ሆነ። አንዲት ትንፋሽ ያህል ዝም አልኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ስለዚያች አንዲት ትንፋሽ ለራሴ ይቅርታ አላደርግም።

«ውሸቷን ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት፣ አቅልጬ ወጋኋት። ሦስት ጊዜ። እሷ ፍርፋሪ አለው ብላኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማኋት።»

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። የጻፈውን ሰረዘና «ንገሪን እንጂ፣ እናት፣ ይህን ባናውቅ እኮ» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ነርሷም ምንም አላለችም። ልጄ ግን እጄን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ሁለቱም ከክፍሉ እስኪወጡ ድረስ ፊታቸውን ፊታቸውን ታይ ነበር።